ስም ፍለጋ በፓሎ አልቶ

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል። በኮምፒዩተር ፕሮግራም ዓለም ግን ስም የሚወጣው በክርክር ነው፤ አንዳንዴም ከወራት ድካም በኋላ።

የኖርዌይ ሊቃውንት ኦሌ ዮሐን ዳል እና ክሪስተን ኒጎርድ እ.ኤ.አ. በ1967 ሲሙላ በተሰኘው ቋንቋቸው «ክላስ» የተባለውን መደብ ካስተዋወቁ ወዲህ፣ ፕሮግራም ጸሐፊው ለሚፈጥረው መደብ ሁሉ ስም የማውጣት ዕዳ አለበት። ማሽኑ ለስሙ ደንታ የለውም። በተዛባ ስም የሚቸገረው ነገ ጽሑፉን የሚያነበው ባልደረባ ነው።

ሌላው ኖርዌጂያዊ ትሪግቬ ሬንስካውግ፣ በ1960ዎቹ ለመርከብ ግንባታ የሚያገለግለውን አውቶኮን የተባለ ፕሮግራም ያበረከቱ ሰው፣ በ1978 ካሊፎርኒያ ፓሎ አልቶ ወደሚገኘው የዜሮክስ የምርምር ማእከል በእንግዳ ተመራማሪነት አቀኑ። የያዛቸው ጥያቄ፣ ተጠቃሚው በአእምሮው የያዘውን ሰፊ ሥራ ኮምፒዩተሩ በልዩ ልዩ መልክ እንዴት ያሳየው የሚል ነበር። መፍትሔው ቶሎ ተገኘ፤ ስሙ ግን አስቸገረ። ሬንስካውግ ራሳቸው ከሁሉ የከበደው ለክፍሎቹ ጥሩ ስም ማግኘት እንደነበር አስታውሰዋል።

ሜይ 12 ቀን 1979 በጻፉት ማስታወሻ ክፍሎቹ አራት ነበሩ፦ ቲንግ፣ ሞዴል፣ ቪው፣ ኤዲተር። «ቲንግ» ማለት «ነገር» ነው፤ ቤትም ሊሆን ይችላል፣ ሐሳብም። ሁሉን የሚሸከም ስም ደግሞ ምንም አይለይም፤ በአማርኛም «ነገር» ዕቃም፣ ጉዳይም፣ ጠብም ነው። በተለይ ከአዴል ጎልድበርግ ጋር ረጅም ውይይት ከተደረገ በኋላ፣ ዲሴምበር 10 ቀን በተጻፈው ማስታወሻ «ቲንግ» ቀረ። «ኤዲተር» ጠበበና የ«ኮንትሮለር»፣ የተቆጣጣሪ፣ አንድ ልዩ ዓይነት ሆነ። ሞዴል፣ ቪው፣ ኮንትሮለር የተባለው ሦስትዮሽ እንዲህ ተወለደ።

ተቆጣጣሪ የሚለው ስም ግን ባለቤቱ አልጠራም። ሬንስካውግ ከሄዱ በኋላ በተሰናዳው ስሞልቶክ 80 ኮንትሮለር የማውስና የቁልፍ ሰሌዳ ተቀባይ ሆነ፤ ኢንተርኔት ሲስፋፋ ደግሞ ከድረ ገጽ የሚመጣ ጥያቄ አስተናጋጅ። በስም ሞክሼ የሆኑ፣ በሥራ የማይተዋወቁ መደቦች ናቸው።

የሆትድሮው ዕድል ይሻላል። ይህን የሥዕል ፕሮግራም በቴክትሮኒክስ ኩባንያ የሠሩት ኬንት ቤክ እና ዋርድ ከኒንግሃም፣ ለሚሣለው ሁሉ መጀመሪያ «ድሮዊንግ ኦብጀክት» የሚል የተንዛዛ ስም ሰጥተው ነበር። ከኒንግሃም ከኅትመት ሙያ አንዲት ቃል አመጡ፦ «ፊገር»፣ በመጽሐፍ ገጽ ላይ የሚታተም ሥዕል። ስሙ አጭር በመሆኑ ልጆቹንም መሰየም ቀለለ፤ አራት ማዕዘኑ «ሬክታንግል ፊገር» ተባለ። በኋላ በጃቫ ቋንቋ በተጻፈው ጄሆትድሮው ውስጥም ፊገር ያው ፊገር ነው።