የሕንድ ውቅያኖስ የሸራ መርከቦች የዕለት ኑሮና የመርከበኞች ዕዳ

በሕንድ ውቅያኖስ ምዕራባዊ ክፍል የሸራ መርከቦችን የጉዞ ጊዜ የሚወስነው ነፋስ ነበር። ነፋሱ በበጋ ወራት ከሰሜን ምሥራቅ፤ ከሚያዝያ ጀምሮ ደግሞ ከደቡብ ምዕራብ ይነፍሳል። አዱሊስን ከባሕሩ ገበያዎች መካከል የሚቈጥረውና በመጀመሪያው ምእት ዓመት በግሪክ ቋንቋ የተጻፈው የኤርትራ ባሕር መጽሐፍ ይህን ሥርዓት ያውቃል። የዐረብ መርከቦችም በመጀመሪያው ነፋስ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ወርደው በሁለተኛው ይመለሱ ነበር። ነገር ግን ነፋስ መርከቡን ቢነዳም መርከበኛውን ከዓመት ዓመት ወደዚያው ሥራ የሚመልሰው ሌላ ኃይል ነበር፤ ይህንም ለማወቅ የዕለት ኑሮውን መመርመር ያስፈልጋል።

ስለዚህ ኑሮ ሰፊ ምስክርነት ከሰጡት አንዱ አውስትራልያዊው መርከበኛና ጸሓፊ አለን ቪልየርስ ነው። እርሱም እ.ኤ.አ. በ1938 መጨረሻ ዐሊ ቢን ናስር አል ነጅዲ የተባለው የኩዌት ናኾዳ፤ ማለት የመርከብ አዛዥ፤ በሚመራው መርከብ ከዓደን ተነሥቶ፤ የሐድረመውትን የሶማሊያንና የኬንያን ጠረፍ ተከትሎ ዛንዚባር ደረሰ። መርከቡ ከሩፊጂ ወንዝ አፍ ለጣሪያ የሚሆን የማንግሮቭ እንጨት ጭኖ በ1939 ወደ ኩዌት ተመለሰ። የጉዞው መጽሐፍ በ1940 ታተመ።

ወደ ሠላሳ የሚጠጉት መርከበኞች የተለየ ማደሪያ አልነበራቸውም። እያንዳንዱ ልብሱንና ጥቂት የግል ሸቀጡን የሚያኖርበት ሣጥን ሲኖረው፤ የሚተኛው በመርከቡ ወለል ላይ በተገኘው ሥፍራ ነበር። በስተኋላ ከፍ ያለው መድረክ የናኾዳው መቀመጫ ነበር። ጎሕ ሲቀድ የሶላት ጥሪ ይሰማል፤ ከዚያም እርሾ የሌለው ቂጣ ይቀርባል። ዋናው ምግብ ሩዝ ነበር፤ ዓሣ በተያዘ ቀን ዓሣ፤ ባልተያዘ ቀን ጥቂት የተነጠረ ቅቤ ወይም ተምር ይጨመርበታል። ምግቡ በወለሉ ላይ በተቀመጠ የእንጨት ሣጥን ውስጥ በሚነድ እሳት ይበስላል፤ ሠራተኞቹም በአንድ ትሪ ዙሪያ ተቀምጠው በቀኝ እጃቸው ይበላሉ። ሺሕር በተባለው የሐድረመውት ወደብ ከመቶ በላይ ተሳፋሪዎች በተጨመሩ ጊዜ ወለሉ መራመጃ እስኪጠፋበት ድረስ ተጣበበ።

ከሥራው ሁሉ የሚከብደው ሸራውን መስቀል ነበር። ሦስት ማዕዘን ያለው ሸራ የሚንጠለጠልበት አግዳሚ ግንድ እጅግ ረዥምና ከባድ ሲሆን፤ ወደ ላይ የሚወጣው በሰው ጉልበት ብቻ ነበር። ነህሃም የተባለው ዘፋኝ ያዜማል፤ ሌሎቹ እየተቀበሉና ወለሉን በእግራቸው እየደበደቡ ገመዱን ይጎትታሉ። የሁሉም ጉልበት በአንድ ቅጽበት እንዲውል የሚያደርገው ዜማው ስለ ነበረ፤ ነህሃሙ ለመርከቡ እንደ ገመዱ አስፈላጊ ነበር።

ለዚህ ድካም ቁርጥ ያለ ደመወዝ አልነበረም። የጉዞው ወጪ ከተቀነሰ በኋላ የቀረው ገቢ ለመርከቡ ባለቤትና ለሠራተኞቹ በድርሻ ይከፈላል። መርከበኛው ግን ከመነሣቱ በፊት ለቤተ ሰቡ ቀለብ የሚሆን ገንዘብ ከናኾዳው ይበደራል፤ ናኾዳውም ራሱ የነጋዴ ባለ ዕዳ የሆነበት ጊዜ ብዙ ነበር። ድርሻው ከብድሩ ካነሰ የጐደለው ወደሚመጣው ዓመት ይተላለፋል፤ ዕዳውን ያልከፈለ መርከበኛም እንደ ልቡ ወደ ሌላ መርከብ መሄድ አይችልም ነበር። ከእነዚሁ ሰዎች ብዙዎቹ በክረምት ወራት ወደ ዕንቁ ጠለቃ ሲወርዱ፤ በዚያም የሚጠብቃቸው ተመሳሳይ ዕዳ ነበር፤ የጠላቂው ዕዳም ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍበት ጊዜ ነበር። እንግዲህ በሣጥኑ ውስጥ ያለችው ትንሽ ሸቀጥ ለመርከበኛው ከዕዳው ውጭ የሆነች ብቸኛ ተስፋው ነበረች።

ኩዌት በ1946 ነዳጅ ዘይት ወደ ውጭ መላክ ስትጀምር በየወሩ ደመወዝ የሚከፈልበት ሥራ በየብስ ተገኘ፤ የሞተር መርከቦችም ጭነቱን እየወሰዱ ሄዱ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የኩዌት የሸራ መርከቦች የረዥም ጉዞ ንግድ አበቃ። የነፋሱ ሥርዓት እንደ ቀድሞው ነበር፤ ዳሩ ግን መርከበኛው ከብድር ሌላ የሚኖርበት መንገድ ባገኘ ጊዜ፤ ያንን ከባድ ግንድ በዜማ የሚያነሣ ሰው አልተገኘም።