የጠባቂው ስም

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በአሜሪካ የግል ኮምፒዩተር ያለው ሰው አዲስ ፕሮግራም ከሚያገኝባቸው መንገዶች አንዱ በስልክ መሥመር የሚደወልላቸው የኮምፒዩተር ማስታወቂያ ሰሌዳዎች ነበሩ። በሰሌዳው ላይ ማንም ያኖራል፤ ማንም ይወስዳል። የላኪው ማንነት ብዙውን ጊዜ ፋይሉ ላይ ከሰፈረው ስም አያልፍም ነበር። አጥፊ ፕሮግራሞችን የሚመዘግበው «ደርቲ ደዝን» የተባለው ዝርዝር በ1985 መሰራጨት የጀመረውም ስለዚሁ ነው።

ሮስ ግሪንበርግ የተባለ የኒውዮርክ ሰው «ፍሉ ሾት» የሚባል መከላከያ ደርሶ አሰራጨ፤ ተግባሩም የኮምፒዩተሩን ዋና የትእዛዝ ፋይል ከቫይረስ መጠበቅ ነበር። ዳሩ ግን በ1988 «ፍሉ ሾት 4» የሚል አጥፊ ሥራ የተሸሸገበት ፋይል በየሰሌዳው ተገኘ። ወጥመዱ የሚይዘው፣ የሚያሳዝነውም ይኸው ነው፣ ቫይረስን ፈርቶ መከላከያ የሚፈልገውን ጠንቃቃ ሰው ነበር። ግሪንበርግ ተከታዩን እትም «ፍሉ ሾት ፕላስ» ብሎ ሰየመው።

ይሁን እንጂ አስመሳይ አዲሱንም ስም ሊሰርቅ ይችላል። ጆን ማካፊ ከመከላከያው ጋር «ቫሊዴት» የተሰኘ አነስተኛ ፕሮግራም ያሰራጭ ነበር፤ ከፋይሉ ተሰልቶ የሚወጣው ቁጥር ደራሲው ካስታወቀው ጋር ይመሳከራል። ነገር ግን ቁጥሩ ከዚያው ጥቅል ከተነበበ፣ ፕሮግራሙን የለወጠ ሰው ቁጥሩንም ከመለወጥ የሚያግደው የለም። ስለዚህ ቁጥሩን ከሌላ ቦታ፣ ለምሳሌ በቀጥታ ከደራሲው ሰሌዳ፣ ማግኘት ያሻ ነበር። የሩቅ ስልክ ዋጋ ከፍሎ ይህን የሚያደርግ ብዙ ሰው ነበር ማለት ያዳግታል።

በ1996 ማይክሮሶፍት የአሳታሚውን ማንነት የሚያረጋግጥ «ኦተንቲኮድ» የተባለ ዲጂታል ፊርማ አወጣ። በዚያው ዓመት ፍሬድ ማክሌይን የተባለ ባለሙያ ኮምፒዩተሩን የሚዘጋ ፕሮግራም ሠርቶ በሕጋዊው ፊርማ ፈረመበት።