የቃርሚያ መብት

ቃርሚያ ከአጫጆች እጅ ያመለጠውን፣ በማሳው ላይ የረገፈውንና ከነዶ የቀረውን እህል ዛላ በዛላ መልቀም ነው። በኢትዮጵያ ደጋ ጊዜው በመጸው ማብቂያ፣ ስንዴውና ጤፉ በሚታጨድበት በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። ከዚያ አስቀድሞ እሸት ይደርሳል። ያኔ ባቄላውና አተሩ ሳይደርቅ ይበላል፤ በብዙ ቦታም መንገደኛ ከማሳው ዳር ጥቂት ቀጥፎ እየበላ ቢያልፍ ሌባ አይባልም።

ይህ ልማድ በሕግ ከተጻፈባቸው ጥንታዊ ቦታዎች አንዱ ኦሪት ነው። ዘሌዋውያን ምዕራፍ 19 ባለ ማሳው የእርሻውን ዳርቻ አሟጥጦ እንዳያጭድ፣ ቃርሚያውንም እንዳይለቅም ያዛል። ዘዳግም ምዕራፍ 24 ደግሞ በማሳ ላይ የተረሳን ነዶ ባለቤቱ ተመልሶ እንዳይወስድ ይከለክላል። በመጸው የሚለቀመው ወይራና የሚቆረጠው ወይንም እንዲሁ ነው፤ አንድ ጊዜ ከተለቀመ በኋላ በዛፉ ላይ የቀረው ፍሬ የመጻተኛው፣ የሙት ልጁና የመበለቲቱ ነው። እሸትን የሚመለከተው ዘዳግም ምዕራፍ 23 ነው። ወደ ባልንጀራው ማሳ የገባ ሰው እሸት በእጁ ይቀጥፋል፣ ማጭድ ግን አያነሳም። ወይኑንም እስኪጠግብ ይበላል፣ በዕቃ ግን አይወስድም። ሕግ አውጪው ረሃብንና ስስትን የለየበት መንገድ እጅግ ብልህ ነው፤ በእጅ የሚቀጠፍ ለሆድ ነው፣ በማጭድ የሚታጨድ ለጎተራ ነው። ከዘመናት በኋላ የተጻፈው የአይሁድ ሚሽና ለድሃ የሚተወው የማሳ ዳርቻ ከ60 አንድ እጅ እንዳያንስ ደነገገ።

የሕጉ ፍሬ በደንብ የሚታየው በመጽሐፈ ሩት ነው። ሞዓባዊቷ ሩት መጻተኛም መበለትም ነበረች። በገብስ አጨዳ ጊዜ ወደ ቦዔዝ ማሳ ገብታ ከአጫጆች ኋላ ስትቃርም ውላ ማታ ስትወቃው አንድ ኢፍ ያህል ገብስ ሆነላት፤ ይህም ከ20 ሊትር የማያንስ ነው። ቦዔዝ አጫጆቹን ከነዶው ሆን ብለው እንዲጥሉላት አዝዞ ነበርና ያን ያህል ማግኘቷ አያስገርምም። ምጽዋት ግን አልለመነችም፤ የሰበሰበችው በላቧ ነው።

በአውሮፓም ቃርሚያ የመንደር ሕይወት አንዱ ክፍል ነበር። የፈረንሳይ ንጉሥ ዳግማዊ ሄንሪ በ1554 እ.ኤ.አ. ያወጣው አዋጅ ለድሆች፣ ለአረጋውያን፣ ለአካል ጉዳተኞችና ለሕፃናት ፈቀደላቸው፤ ይሁንና ምርቱ ከማሳ ከተነሣ በኋላ፣ በቀን ብርሃንና ያለ መሣሪያ እንዲሆን ወሰነ። ሠዓሊው ዣን ፍራንሷ ሚሌ በ1857 ለሕዝብ ያሳየው «ቃራሚዎች» የተባለው ሥዕል ሦስት ሴቶች አጎንብሰው ሲለቅሙ፣ ከሩቅ ደግሞ ትልልቅ ክምሮች ያሳያል። በጊዜው የነበሩ ብዙ ሐያስያን ሥዕሉን አልወደዱትም፤ የድሃን ድካም ያን ያህል ግዙፍ አድርጎ ማሳየቱ አስቆጥቷቸው ነበር።

በእንግሊዝ ልማዱ ወደ ፍርድ ቤት ደረሰ። ሰፎክ በተባለው አውራጃ በቲምዎርዝ መንደር ሜሪ ሃውተን የተባለች ሴት ጄምስ ስቲል በተባለ ገበሬ መሬት ላይ በመቃረሟ ተከሰሰች። በ1788 ከአራቱ ዳኞች ሦስቱ በአገሪቱ ሕግ ማንም ሰው የመቃረም መብት የለውም ብለው ፈረዱ። የሙሴን ሕግ የጠቀሰውን ክርክር አልተቀበሉትም፤ ለድሃ መርጃ የወጣ ሌላ ሕግ አለ አሉ። ዳኛ ጉልድ ብቻ ተለየ፤ ከዘመን ዘመን ሲሠራበት የኖረ ልማድ መብት ነው የሚል ነበር አቋሙ። እውነቱ ከእርሱ ጋር ነበር ማለት ይቻላል፤ ምክንያቱም ገጠሩ በፍርዱ አልተመራም። በብዙ መንደሮች ጠዋት የቤተ ክርስቲያን ደወል ሲደወል ቃራሚዎች እኩል ወደ ማሳ ይገቡ ነበር፤ ማታ ሲደወል ይወጣሉ። ሕፃን ያዘለችው እናትና አቅመ ደካማው በጉልበተኛ እንዳይቀደሙ የሚጠብቃቸው ይህ ደወል ነበር። የተለቀመው ስንዴ ተፈጭቶ ለብዙ ቤተሰብ የክረምት እንጀራ ይሆን ነበር። ቃርሚያን ቀስ በቀስ ያጠፋው ፍርዱ ሳይሆን የአጨዳ መኪናና የዳቦ መርከስ ነው፤ መኪናው መሬቱን ጠራርጎ ስለሚሰበስብ የሚለቀም አይተርፍም።

ሆኖም በፈረንሳይ ልማዱ ሙሉ በሙሉ አልሞተም። አኜስ ቫርዳ በ2000 በሠራችው ዘጋቢ ፊልም መጠኑ ለገበያ አይመችም ተብሎ ከተጣለ የድንች ክምር ውስጥ የሚለቅሙ ሰዎች ይታያሉ። የእንግሊዝና የዌልስ የ1968 የስርቆት ሕግም በማንም መሬት ላይ በዱር የበቀለን እንጉዳይ ወይም የዱር እንጆሪን የመሰለ ፍሬ ለሽያጭ ሳይሆን ለራሱ የሚለቅም ሰው ሌባ እንዳልሆነ ይደነግጋል።