ሰብአ ሰገል በአራት ባለቅኔዎች ድርሰት

ወንጌላዊው ማቴዎስ የሰብአ ሰገልን ታሪክ የጻፈው በሁለተኛው ምዕራፍ በ12 ቍጥር ብቻ ነው። ከምሥራቅ መጡ፤ በኢየሩሳሌም ስለ ተወለደው ንጉሥ ጠየቁ፤ ሄሮድስም ደነገጠ፤ ኮከቡ እየመራ ወደ ቤተ ልሔም አደረሳቸው፤ ሕፃኑንም ከእናቱ ጋር አግኝተው ሰገዱለት፤ ወርቅና ዕጣን ከርቤም አቀረቡለት፤ በሕልምም ተነግሯቸው በሌላ መንገድ ወደ አገራቸው ተመለሱ። ስንት እንደ ነበሩ፥ ስማቸው ማን እንደ ሆነ፥ በመንገድ ምን እንደ ደረሰባቸው፥ ካገራቸውም ከገቡ በኋላ እንዴት እንደ ኖሩ ወንጌላዊው አልተናገረም።

ይህን ዝምታ የኋላ ሰዎች በየዘመናቸው ሲሞሉት ኖረዋል። ነገሥታት መባላቸው፥ የተርሴስና የሳባ ነገሥታት እጅ መንሻ እንዲያመጡ ከሚናገረው ከ71ኛው የዳዊት መዝሙር ጋር በመያያዙ ነው። የምዕራብ ክርስቲያኖች ከሦስቱ እጅ መንሻ ተነሥተው ቍጥራቸውን ሦስት አደረጉት፤ ስምም አወጡላቸው። ማቴዎስ ወደ ቤት ገቡ ብሎ ሲጽፍ፥ የምሥራቅ ክርስቲያኖች ሥዕል ልደቱን በዋሻ ያሳያል። እንግዲህ ታሪኩን አስፍቶ መናገር አዲስ ነገር አይደለም። አዲስ የሆነው፥ እምነት በተጠረጠረበትና በተሰደደበት በ20ኛው መቶ ዓመት ታላላቅ ባለቅኔዎች ወደዚሁ ታሪክ መመለሳቸው ነው። ከነዚህም ሁለቱን ከእንግሊዝኛ፥ ሁለቱን ከመስኮብ ቋንቋ አውጥቶ ማስተያየት ብዙ ያስተምራል። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የመጀመሪያው ዊልያም በትለር ዬትስ ነው። በ1865 ዓ.ም. በዳብሊን ከተማ ተወለደ። አያቱና ቅድመ አያቱ የአይርላንድ ቤተ ክርስቲያን ቀሳውስት ነበሩ፤ ሥዓሊው አባቱ ግን ሃይማኖትን ትቶ ስለ ነበረ ልጁም በአባቶቹ እምነት አልጸናም፤ የሚያምንበትን ነገር ከአስማትና ከጥንት ተረት ሲፈልግ ኖረ። በ1914 ዓ.ም. ስለ ሰብአ ሰገል ያሳተመው ግጥም 8 ስንኝ ብቻ ነው። በዚህ ግጥም ሰብአ ሰገል ከግድግዳ ሥዕል እንደ ወረዱ ሰዎች ሆነው በሰማይ ይታያሉ፤ ይሰወራሉም። ቤተ ልሔምን አይተዋል፤ ጎልጎታንም አውቀዋል፤ ነገር ግን ልባቸው አልረካምና በበረቱ ያገኙትን ምሥጢር እንደ ገና ይፈልጋሉ። ዬትስ ወንጌልን አልካደም፤ ፍጻሜ መሆኑን ግን አልተቀበለም። ስለዚህ የእሱ ሰብአ ሰገል ሁልጊዜ መንገደኞች ናቸው፤ የሚያርፉበት የላቸውም።

ሁለተኛው ቶማስ ስተርንስ ኤልዮት ነው። በ1888 ዓ.ም. በአሜሪካ በሴንት ሉዊስ ከተማ፥ ዩኒቴርያን ከሚባሉት ሥላሴን ከማይቀበሉት ወገኖች ተወለደ። በኋላም በለንደን ተቀምጦ የዘመኑን ተስፋ ማጣት በሚናገር ግጥሙ ስሙ ከተጠራ በኋላ፥ በጁን 29 ቀን 1927 ዓ.ም. ፊንስቶክ በምትባል መንደር፥ የቤተ ክርስቲያኑ በር ተዘግቶ፥ በ38 ዓመቱ በሥላሴ ስም ተጠመቀ። የሰብአ ሰገልን ጕዞ የሚናገረው ግጥሙ የታተመው በዚያው ዓመት በኦገስት ወር ነው። የግጥሙ መክፈቻም ኤጲስ ቆጶስ ላንስሎት አንድሩስ በ1622 ዓ.ም. በልደት ቀን በንጉሥ ቀዳማዊ ጄምስ ፊት ከሰበከው ስብከት የተወሰደ ነው።

በዚህ ግጥም የሚናገረው ከሰብአ ሰገል አንዱ ነው፤ አርጅቶ ያለፈውን ያስታውሳል። ብርዱን፥ የግመሎቹን ቍስል፥ የከተማውን ሰው ክፋት፥ የቤቱንም ምቾት መናፈቁን ይዘረዝራል። ኮከቡን አያነሣም፤ ሄሮድስንም እጅ መንሻውንም አይጠቅስም። በመንገድ ግን ሦስት ዛፎችን፥ የወይን ሐረግን፥ ስለ ብር ዕጣ የሚጣጣሉ እጆችን ያያል። ምን እንደሚያመለክቱ እሱ አላወቀም፤ አንባቢው ግን ሦስቱን መስቀሎች፥ ሠላሳውን ብርና በልብሱ ላይ የተጣለውን ዕጣ ያስባል። በቅኔ ቤት ለተማረ ሰው ይህ እንግዳ አይሆንበትም፤ ሰሙ የመንገድ ታሪክ፥ ወርቁ ሕማማተ መስቀል ነውና። ሽማግሌው አገሩ ከገባ በኋላ የገዛ ወገኖቹና አማልክቶቻቸው ባዕድ ሆነውበታል፤ ያየው ልደት ለእሱ እንደ ሞት ሆኖበታልና። አዲስ የተጠመቀ ሰው የቀድሞ ኑሮውን መሰናበት ምን ያህል እንደሚከብደው ከዚህ ይታያል።

ሦስተኛው ቦሪስ ፓስተርናክ ነው፤ በ1890 ዓ.ም. በሞስኮ ተወልዶ በ1960 ዓ.ም. ሞተ። የልደትን ኮከብ የሚመለከተውን ግጥም የጻፈው በ1947 ዓ.ም. ነው። ዘመኑ የጨለማ ዘመን ነበር። በ1920ዎቹ መጨረሻ የልደት በዓልና የልደት ዛፍ ተከልክለው፥ ዛፉ በ1935 ዓ.ም. ሲመለስ የዘመን መለወጫ ዛፍ ተብሎ እንጂ በልደት ስም አልነበረም። በ1946 ዓ.ም. ደግሞ የገዢው ማኅበር ባለቅኔይቱን አና አኽማቶቫን በዐዋጅ አውግዟት ነበር።

ፓስተርናክ ቤተ ልሔምን ወደ ሩስያ ክረምት አገባት፤ በረዶ፥ የሜዳ ነፋስ፥ የእረኞች ውሾች፥ እንደሚነድ የድርቆሽ ክምር የሚያበራ ኮከብ አሉበት። ሰብአ ሰገል ሲሄዱ ከኋላቸው የሚመጣው ዘመን ሁሉ ይታያል፤ የሕፃናት ሕልም፥ የቤተ መዘክር ሥዕል፥ መንግሥት የከለከለውም የልደት ዛፍ ከነሻማው በዚያ አለ። በመጨረሻው ሰብአ ሰገል በዋሻው ጨለማ ቆመው ሲንሾካሾኩ፥ አንዱ በማይታይ እጅ ገለል ይደረጋል፤ ዘወር ብሎም ቢያይ ኮከቡ እንደ እንግዳ ሆኖ በበሩ ድንግልን ይመለከታል። ባለቅኔው በ1954 ዓ.ም. ከዶክተር ዢቫጎ መጽሐፉ 10 ግጥሞች በአንድ መጽሔት ሲታተሙለት ይህ ከነርሱ ጋር አልተቈጠረም። መጽሐፉ በ1957 ዓ.ም. በሚላኖ በጣልያንኛ ወጣ፤ በ1958 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ቢሰጠው እንቢ እንዲል ተገደደ፤ በአገሩ መጽሐፉ የታተመው ግን በ1988 ዓ.ም. ነው። በነዚያ ዓመታት ግጥሙ በእጅ ከሰው ወደ ሰው ይተላለፍ ነበር።

አራተኛው ዮሴፍ ብሮድስኪ ነው። በ1940 ዓ.ም. በሌኒንግራድ ከአይሁድ ወገን ተወለደ። በ1964 ዓ.ም. ሥራ ፈት ተብሎ ተፈርዶበት ወደ ሰሜን ተጋዘ፤ በ1972 ዓ.ም. ከአገሩ ተባረረ። አባትና እናቱ ሄደው ሊያዩት ደጋግመው ፈቃድ ቢለምኑ ተከለከሉ፤ ልጃቸውን ሳያዩ እናቱ በ1983፥ አባቱ በ1984 ዓ.ም. ሞቱ። የኖቤልን ሽልማት በተቀበለ በሁለተኛው ሳምንት፥ በዲሴምበር 24 ቀን 1987 ዓ.ም. ስለ ልደት ኮከብ 12 ስንኝ ጻፈ። በዚህ ግጥም ታሪኩ በሕፃኑ ዓይን ይታያል፤ የእናቱ ጡት፥ የበሬው እስትንፋስ፥ ሰብአ ሰገልና እጅ መንሻቸው ለሕፃኑ ሁሉ ታላላቅ ናቸው። እሱ ግን ነጥብ ብቻ ነው፤ ኮከቡም ነጥብ ነው። ከዓለም ዳርቻ ዓይኑን ሳይከድን ወደ ዋሻው የሚመለከተው ይህ ኮከብ የአብ አመለካከት መሆኑን ባለቅኔው በመጨረሻ ይገልጻል። አባቱን ከሩቅ አገር ሆኖ ያጣ ልጅ እንዲህ መጻፉን የሚያስብ ሰው የግጥሙን ክብደት ያውቀዋል።

አራቱ ሲነጻጸሩ አንድ ነገር ጐልቶ ይታያል። በዬትስ ሰዎች ይፈልጋሉ፤ አይረኩም። በኤልዮት ሰው ያገኛል፤ ማግኘቱም የቀድሞ ኑሮውን ያስጥለዋል። በፓስተርናክ ዓለም ሁሉ ወደ ዋሻው ይመጣል። በብሮድስኪ ግን ሰው ወደ ሰማይ ከማየቱ ይልቅ ሰማይ ወደ ሰው ያያል። ሁለቱ የሩስያ ባለቅኔዎች ልደቱን በዋሻ ማድረጋቸው፥ ቤተ ክርስቲያን በተዘጋበት አገር የቤተ ክርስቲያን ሥዕል በሰው ልብ እንዳልጠፋ ያስረዳል።

በካህናት ዘንድ አንድ ጥያቄ ሊነሣ ይችላል፤ ይኸውም ባለቅኔ በወንጌል ላይ እንዲህ ሊጨምር ይገባዋልን? የሚል ነው። በዚህ አገር የቅኔ መምህር ለተማሪው የሚያስተምረው በየበዓሉ ታሪክ ላይ አዲስ ቅኔ እንዲቈጥር ነው፤ ትናንት የተቈጠረውን መድገም ነውር ነው። ነገር ግን ቅኔው አዲስ ሲሆን ታሪኩ የቀድሞው ነው፤ ቅኔ የወንጌልን ቦታ አይወስድም። እነዚህም ግጥሞች በዚህ ሚዛን ቢመዘኑ፥ የዬትስ ከሦስቱ ይልቅ ከታሪኩ ይርቃል፤ የቀሩት ግን በውጭ እየጨመሩ በውስጥ ታሪኩን ይጠብቃሉ።

ዳግመኛም ሊስተዋል የሚገባው ነገር አለ። በማቴዎስ ጽሑፍ የታሪኩ ራስ ሰገዱለት የሚለው ቃል ነው። ከአራቱ ባለቅኔዎች ግን ስግደቱን ገልጦ የጻፈ አንድ እንኳ የለም። ዬትስ አላመነበትም፤ ኤልዮት ከቦታው መድረሱን ተናግሮ ያየውን ሳይገልጥ ያልፋል፤ የፓስተርናክ ሰብአ ሰገል ቃል አጥተው ይንሾካሾካሉ፤ ብሮድስኪ ሕፃኑንና አብን ብቻ ያሳያል። መንገዱን፥ ብርዱን፥ ኮከቡን በብዙ ጥበብ የጻፉ ሰዎች በዚህ ስፍራ ዝም አሉ። ስግደቱን ለማየት የሚወድ አንባቢ ግጥሞቹን ዘግቶ ወደ ማቴዎስ 11ኛ ቍጥር መመለስ አለበት።