ትኋን፣ ዲዲቲ እና የእናቶቻችን ፍል ውሃ

እናቶቻችን ትኋንን የሚከላከሉት አልጋው ላይ ፍል ውሃ እየደፉ፣ ፍራሹን ፀሐይ ላይ እያሰጡ፣ የግድግዳውን ስንጥቅ በጭቃ እየመረጉ ነበር። አድካሚ ነው፤ ሸክሙም የሴቶች ነበር።

ስዊዘርላንዳዊው ኬሚስት ፓውል ሙለር ዲዲቲ ነፍሳትን እንደሚገድል ያወቀው በ1939 እ.ኤ.አ. ነው። በ1948 የኖቤል ሽልማት አገኘበት። ነገር ግን ከሽልማቱ አንድ ዓመት አስቀድሞ፣ በሃዋይ ፐርል ሃርበር በወታደሮች መኖሪያ ዲዲቲ የማይገድለው ትኋን ታይቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ መርዙ በተለወጠ ቁጥር ትኋኑም ይለምደዋል።

ዛሬ ለእርሻ የተሠራ መርዝ ፍራሽ ላይ ሲረጭ፣ ላምባ የተነከሰ ልጅ ገላ ላይ ሲቀባ እናያለን። ይህ ከንክሻው የባሰ ጉዳት ያመጣል። የንክሻው እብጠት አንዳንዱ ሰው ላይ ወዲያው፣ ሌላው ላይ ከቀናት በኋላ ይወጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ይጠፋል። የሚያቆየው ማከክ ነው፤ ቁስሉ ያመረቅዛል፣ ጥቁር ምልክቱም ለወራት ይቀራል። ስለዚህ ቦታውን በውሃና በሳሙና እንጠበው፤ በቀዝቃዛ እርጥብ ጨርቅ እንያዘው፤ የልጆችን ጥፍር እንቁረጥ። መግል ከያዘ፣ ትኩሳት ካመጣ ወይም ፊት ካበጠ ወደ ጤና ጣቢያ እንሂድ።

የእናቶቻችን ፍል ውሃ ዛሬም አላረጀም፤ ከደረሰበት ትኋኑንም እንቁላሉንም ይገድላል። የአንዷ ቤት ብቻ ቢጸዳ ግን ከጎረቤት ይመለሳልና፣ ግቢውን በሙሉ በአንድ ቀን፣ ተጋግዘን እናጽዳ።