ጠያቂ፣ ተጠያቂና ካሜራ፦ የፊልም ቃለ መጠይቅ ጉዞ ከአፍሪካ አዳራሽ እስከ ኡራኤል

ቃለ መጠይቅ ከካሜራ በፊት የነበረ ጥበብ ነው። በቀድሞው የሙግት ሥርዓት ከሳሽና ተከሳሽ «በላ ልበልሃ» እየተባባሉ፣ «ተጠየቅ» እያሉ በዳኛ ፊት ሲቆሙ ጠያቂው ጥያቄውን በቤት መምቻ ያሳምር፣ ተጠያቂውም መልሱን በምሳሌ ያጠነክር ነበር። የሙግቱ ዋስትና አደባባዩ ነበር። ጥያቄውንም መልሱንም ታዳሚው በአንድ ጊዜ፣ በአንድ ሥፍራ ስለሚሰማ፣ አንዱ የሌላውን ቃል ቆርጦ ሊቀጥል አይቻለውም። ፊልም ሲመጣ ግን ይህ ዋስትና ተለወጠ። ተጠያቂው ተናግሮ ሲሄድ ቃሉ በጠያቂው እጅ ይቀራል። ከዚያ በኋላ የሚቆረጠውም የሚቀጠለውም ተናጋሪው በሌለበት ነው። የፊልም ቃለ መጠይቅ ታሪክ እንግዲህ የመሣሪያ ታሪክ ብቻ ሳይሆን፣ የተናጋሪው ቃል የማን ነው የሚለው ጥያቄ ታሪክም ነው።

ይህን ታሪክ በአዲስ አበባ ለመከተል ለሚሻ ሰው ከቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ በተለይም ከካዛንቺስና ከኡራኤል አካባቢ የተሻለ ሥፍራ አይገኝም። የካዛንቺስ ስም ራሱ የሚመነጨው በወረራው ዘመን ለኢጣሊያ መንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ቤት ይሠራ ከነበረው «ኢንቺስ» ከተባለው ተቋም ነው፤ «ካዜ ኢንቺስ» በሕዝብ አንደበት ካዛንቺስ ሆነ። በወራሪ ተቋም ስም የተጠራው ሠፈር፣ ከነፃነት በኋላ የነፃ አፍሪካ ድምፅ የሚሰማበት አካባቢ መሆኑ ከታሪክ ፍርዶች አንዱ ነው። በ1950 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን መቀመጫውን በአዲስ አበባ አደረገ። በ1953 ዓ.ም. አርቱሮ ሜዜዲሚ የነደፈው የአፍሪካ አዳራሽ ተመረቀ። በዚሁ አዳራሽ ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ተመሠረተ።

ጉባኤ ባለበት ካሜራ አለ። ከልዩ ልዩ አገሮች የመጡ ጋዜጠኞች መሪዎችን በደረጃው ላይ፣ በአዳራሹ መግቢያ፣ አፈወርቅ ተክሌ በሠራው ባለ 150 ካሬ ሜትር የመስታወት ሥዕል ብርሃን ሥር ያነጋግሩ ነበር። ዛሬ በየሆቴሉ የምናየው የጉባኤ ላይ ቃለ መጠይቅ ሥሩ ከዚህ ነው። በዚያ ዘመን ግን የሚጠየቀው ባለሥልጣን ብቻ ነበር። በር የሚከፍተው፣ ምግብ የሚያቀርበው፣ ወለሉን የሚወለውለው ሠራተኛ በምስሉ ጥግ ያልፋል እንጂ ስለ አፍሪካ ነፃነት ምን ያስባል ብሎ መጠየቅ የተለመደ አልነበረም።

ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በማዘጋጃ ቤቱ ሕንፃ ከተዘጋጀለት ስቱዲዮ ሥርጭቱን ሲጀምር ቃለ መጠይቅ የአገር ውስጥ ሙያ መሆን ቻለ። ሥርጭቱ ጥቁርና ነጭ ነበር፤ ቀለም የመጣው በ1970ዎቹ ነው። ከስቱዲዮ ውጭ የሚሠራው በ16 ሚሊ ሜትር ፊልም ሲሆን፣ የመሣሪያው ጠባይ የጥያቄውን ጠባይ ይወስን ነበር። አንድ ባለ 100 ጫማ ጥቅል ከ3 ደቂቃ በታች ያልቃል፤ ባለ 400 ጫማው ደግሞ 11 ደቂቃ ያህል ይቆያል። ፊልሙ ካልታጠበ አይታይም፤ የተበላሸውም አይመለስም። ስለሆነም ጠያቂው ጥያቄውን አስቀድሞ መመዘን፣ ተጠያቂውም መልሱን ማሳጠር ነበረበት። ችግሩ ተግሣፅን አስተማረ። በአንፃሩም ገና ቃሉን እያሟሸ ያለ፣ ነገሩን ከሥሩ አንሥቶ የሚያወጋ ገበሬ ወይም አዛውንት ለዚህ አጭር ጥቅል አይመችም ነበር። መሣሪያው ሳይታወቀው ቸኩሎ ለሚናገረው የተማረ ሰው አደላ።

የቃል ባለቤትነት ጥያቄ በግልጽ የተነሣው በወሎ ረሀብ ጊዜ ነው። የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የሠራው ፊልም በጥቅምት ወር 1966 ዓ.ም. በለንደን ታየ፤ ዓለምንም አስደነገጠ። በፊልሙ የተራበው ሕዝብ ፊት ይታያል፤ የሚሰማው ግን በአመዛኙ የጋዜጠኛው ትረካ ነው። ይኸው ፊልም ዓመት ሊሞላው ሲል፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት፣ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሲቀርብ ከቤተ መንግሥት ድግስ ምስሎች ጋር ተሰናስሎ ነበር። በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። አንድ ሥዕል ሳይጨመርበትና ሳይቀነስበት፣ ከጎኑ በተቀመጠው ሌላ ሥዕል ብቻ ትርጉሙ እንደሚለወጥ ከዚህ ምሽት የበለጠ ያስተማረ የለም። ረሀቡ እውነት ነበር፤ ድግሱም እውነት ነበር፤ ፍርዱ የተነገረው ግን በመቀጠያው ላይ ነው። የወሎው ገበሬ ቃሉን ሳይጠየቅ ለለንደንም ለአዲስ አበባም ምስክር ሆነ።

ከ10 ዓመት በኋላ፣ ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ማይክል በርክ የተረከውና ኬንያዊው መሐመድ አሚን የቀረፀው የኮረም ዘገባ በቢቢሲ ቀረበ። ከዚያም የእርዳታው ማዕበል ተነሣ፤ ብዙ ሕይወት ተረፈ። ይህን ውለታ መካድ አይገባም። ሆኖም በዚያም ዘገባ ጎልቶ የተሰማው ስለ ተራቡት የሚናገረው እንጂ የተራበው ራሱ አልነበረም። ምስል ርኅራኄን ሊቀሰቅስ ይችላል፤ ክብርን የሚሰጠው ግን ጥያቄ ነው። የተጠየቀ ሰው የራሱን ነገር የሚያውቅ ሰው ተደርጎ ተቆጥሯልና።

የቪዲዮ ካሴት መምጣት ይህን ሚዛን ሊያስተካክል የሚችል ዕድል ከፈተ። ምስልና ድምፅ በአንድ ካሴት ላይ ይቀረፃሉ፤ እጥበት አያስፈልግም፤ የተቀረፀው ወዲያው ይታያል፤ ሰዓታት የፈጀ ወግም ይያዛል። ሠርግ መቅረፅ ለብዙ የግል ቀራጮች የመጀመሪያ ትምህርት ቤት ሆነ። ሽማግሌን በአክብሮት ማናገር፣ የሙሽራ እናት እንባዋን እስክትጠርግ ካሜራውን ዝቅ አድርጎ መታገሥ የተለመደው እዚያ ነው። ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ የግሉ ሥራ ሲስፋፋ፣ ዲጂታል ካሜራም ሲከተል፣ እነዚሁ እጆች ወደ ድርጅቶችና ወደ ጉባኤዎች ተሻገሩ። ከአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ቅጥር እስከ ኡራኤል ባለው አካባቢ ሆቴሎችና መሥሪያ ቤቶች በበዙ ቁጥር የምረቃ፣ የዓውደ ጥናትና የምሥረታ በዓል ቃለ መጠይቅ የዘወትር እንጀራ ሆነ።

ሥራው ሲታይ ቀላል ይመስላል፤ አንድ ወንበር፣ ሁለት መብራት፣ በልብስ ላይ የሚሰካ ትንሽ ማይክሮፎን። ባለሙያው ግን ከመቅረፁ በፊት ያዳምጣል። በኡራኤል የቤተ ክርስቲያኑ ደወል፣ የመኪናው ጡሩምባ፣ መብራት ሲጠፋ የሚነሣው ጄኔሬተር ሁሉ ወደ ድምፁ ይገባሉ። የክፍሉን ፀጥታ ለብቻው ለጥቂት ጊዜ ይቀርፃል፤ በኋላ ቃል ሲቆረጥ ክፍተቱን የሚሞላው ይኸው ፀጥታ ነው። ጠያቂው ከካሜራው ጎን ይቀመጣል፤ ተጠያቂው ከብረትና ከመስታወት ጋር ሳይሆን ከሰው ጋር እንዲነጋገር ነው። የጠያቂው ድምፅ ብዙውን ጊዜ ስለሚወጣም፣ ተጠያቂው ጥያቄውን በመልሱ ውስጥ አካቶ እንዲናገር ይጠየቃል።

ይህ የመጨረሻው ልማድ ልብ ሊባል ይገባዋል። ጥያቄው ሲጠፋ፣ በጥያቄ ተመርቶ የተነገረው ቃል ከራሱ ከተናጋሪው የፈለቀ ይመስላል። በ«ተጠየቅ» አደባባይ ጠያቂው በጥያቄው ይመዘን ነበር፤ በዚህ ግን ጠያቂው ተሰውሮ ተጠያቂው ብቻውን ይቆማል። የድርጅት ቃለ መጠይቅ የሚከፍል ባለቤት ስላለው ምስጋና ይበዛበታል። ሥራ አስኪያጁ ዕቅዱ ተሳካ ይላል፤ ሠራተኛው ደስተኛ ነኝ ይላል። ለማስታወቂያ ይህ ይበቃ ይሆናል፤ ለታሪክ ግን አይበቃም። ስለሆነም የሙያው ሕሊና በ3 ነገሮች ይለካል፦ ተናጋሪው ቃሉ ለምን እንደሚውል አስቀድሞ ማወቁ፣ ከተቆረጠ በኋላም ያው ሐሳቡ መሆኑ፣ ያልተቆረጠውም ቅጂ መጠበቁ።

የመጨረሻው ነጥብ ክብደት በ2017 ዓ.ም. መግቢያ ታየ። በጥቅምት ወር የአፍሪካ አዳራሽ ታድሶ ዳግም ተከፈተ። በዚያው ሰሞን የካዛንቺስ ሰፊ ክፍል በኮሪደር ልማት ሥራ ፈረሰ፤ ነዋሪዎቹም ወደ ሌሎች የከተማዋ አካባቢዎች ተዛወሩ። አዳራሹ ግድግዳውም፣ የመስታወት ሥዕሉም፣ የጉባኤው ፊልምም አለው። የሠፈሩ ሻይ ቤት፣ ልብስ ሰፊው፣ ጠጅ ቤቱ ግን ግድግዳቸው የለም። ከእነዚህ አንዱ በአንድ የምሥረታ በዓል፣ በአንድ ሠርግ፣ በአንድ የንግድ ማስታወቂያ ላይ ቀርቦ ተናግሮ ከሆነ፣ ትናንት ተራ የነበረው ያ ካሴት ዛሬ ሰነድ ነው። ከበስተጀርባው የምትታየው የቆርቆሮ በር፣ በመሐል የገባው የጎረቤት ጥሪ፣ ቀራጩ እንደ እንቅፋት የቆጠረው የደወል ድምፅ ሳይቀሩ የሠፈሩ ማስታወሻ ሆነዋል።

ካሴት በሙቀትና በአቧራ ይበላሻል፤ ማጫወቻውም ከገበያ ይጠፋል፤ ዲጂታሉም ቦታ ለማስለቀቅ ሲባል በአንድ ጣት ይሰረዛል። በመሆኑም በየስቱዲዮው መደርደሪያ የተከማቸውን መለየት፣ ማን፣ መቼ፣ የት እንደተናገረ መጻፍና ማባዛት የባለሙያዎች፣ የመምህራንና የባህል ተቋማት የጋራ ተግባር ነው። በ1955 ዓ.ም. በአዳራሹ ጥግ ያለፈው ሠራተኛ አልተጠየቀም፤ አሁን ሊጠየቅ አይችልም። ዛሬ በኡራኤል መንገድ የሚያልፈው ግን ገና ሊጠየቅ ይችላል። ካሜራው በእጅ ነው፤ ጥቅሉም እንደ ድሮው በ3 ደቂቃ አያልቅም። የቀረው ጥያቄውን በቅንነት ማቅረብና መልሱን በታማኝነት መጠበቅ ነው።