ሥራ ሳይዙ ከተማ መግባት፦ የአዲስ አበባ መጤዎች ከዋስ እስከ መሸኛ



በየዓመቱ ከምረቃ በኋላ ባሉት ሳምንታት ወደ ቢሮዬ የሚመጡ ተማሪዎች ደጋግመው የሚያነሡት አንድ ጥያቄ አለ። «መምህር፣ ሥራ ሳላገኝ አዲስ አበባ ብገባ ያዋጣኛል?» ይሉኛል። ብዙውን ጊዜ ወላጆቻቸው መልሱን አስቀድመው ሰጥተዋቸዋል፤ «መጀመሪያ ሥራው ይገኝ፣ ከዚያ ትሄዳለህ» ብለዋቸዋል። ምክሩ የአስተዋይ ሰው ምክር ነው። ነገር ግን ከእኛ በፊት የነበሩት መጤዎች ሁሉ ይህን ምክር ሰምተው ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምናውቃት አዲስ አበባ ባልኖረች ነበር።

በዛሬው ገለጻዬ ላስረዳ የምፈልገው ነጥብ አንድ ነው። ሥራ ሳይዝ ወደ ከተማዋ የገባው መጤ አብዛኛውን ጊዜ ሰው ይዞ ነበር የሚገባው። ሥራው የሚገኘው ከሰውየው በኋላ ነው። ይህን ሰው ማን እንደተካውና ቦታው መቼ ባዶ እንደቀረ ካልተረዳን የተማሪዎቻችንን ጥያቄ በአግባቡ መመለስ አንችልም።

ከተማዋ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር አሰፋፈሯ የጦር ሰፈር አሰፋፈር ነበር። መኳንንቱ በተሰጣቸው ጉብታ ላይ ግቢያቸውን ተከሉ፤ ሎሌው፣ ወታደሩና የእጅ ባለሙያው በጌታው ዙሪያ ጎጆውን ቀለሰ። ራስ መኮንን ሰፈር፣ ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ሠራተኛ ሰፈር የሚሉት ስሞች ይህን ታሪክ ዛሬም ይመሰክራሉ። በዚያ ሥርዓት ውስጥ ለአዲስ ገቢ የሚቀርበው የመጀመሪያ ጥያቄ «የማን ሰው ነህ?» የሚል ነበር። ጌታ ያለው እንጀራም ማደሪያም አለው፤ ጌታ የሌለው ግን በከተማዋ ውስጥ ስም እንኳ የለውም።

ከጌታ ጥላ ውጭ በብዛት ከገቡት መካከል የጉራጌ ወጣቶች ታሪክ ከሁሉ ጎልቶ ይታያል። አገራቸው በ1880ዎቹ መባቻ በዳግማዊ ምኒልክ ግዛት ሥር ከተጠቃለለ በኋላ ግብር በጥሬ ገንዘብ መክፈል ግዴታ ሆነ፤ ገንዘቡ ደግሞ የሚገኘው ከተማ ነበር። ጉዞውን የሚቻል ያደረገው ሌላው ነገር እንሰት ነው። እንሰት ለዓመታት መሬት ውስጥ የሚቆይ፣ የበሬ እርሻ የማይሻ ተክል በመሆኑ ወንዱ ለወራት ቢርቅም ሴቶቹ ቤቱን ያቆሙት ነበር። መጤው ከተማ ቢከፋው የሚመለስበት ጓሮ ነበረው ማለት ነው። ይህ ትልቅ ዋስትና ነው።

አገባቡም ሥርዓት ነበረው። ልጁ በመስቀል ወይም በአረፋ ለበዓል ወደ አገር ቤት የመጣውን ታላቅ ወንድሙን ወይም አጎቱን ተከትሎ ይወጣል። አዲስ አበባ ሲደርስ በዘመዱ ሱቅ ውስጥ ባንኮኒ ሥር ያድራል። ቀን ኩሊ ሆኖ ዕቃ ይሸከማል ወይም ሊስትሮ ይሆናል፤ ትንሽ ሲጠና ሱቅ በደረቴ ይይዛል። በዐረብ ነጋዴዎች መደብር ተቀጥሮ ንግዱን የተማረም ብዙ ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ የአገሬው ገበያ ከአራዳ ወደ ምዕራብ ተዛውሮ መርካቶ ሲመሠረት እነዚህ ወጣቶች የሚሰፉበት አዲስ ሜዳ አገኙ።

በዚህ ዘመን የከተማዋ ጥያቄ «የማን ሰው ነህ?» ከሚለው «ዋስ አለህ?» ወደሚለው ተለውጧል። ያለ ተያዥ ሱቅ ጠባቂነትም ሆነ የቤት ሠራተኝነት አይገኝም። ልጁ ዕቃ ይዞ ቢጠፋ የሚከፍለው ዋሱ ነው፤ ስለዚህ ዋሱ ቅጥረኛውን ይመክራል፣ ይገሥጻል፣ ይጠብቃል። እቁብ ባንክ ለማያበድረው ሰው መነሻ ገንዘብ ሆነ። እድር ደግሞ ዘመድ በሌለበት ከተማ የሚቀብርና የሚያስተዛዝን ወገን ሆነ። የእነዚህ ማኅበራት ጉልበት ከከተማዋም አልፏል፤ በ1950ዎቹ የአዲስ አበባ ጉራጌዎች ገንዘብ አዋጥተው ወደ አገር ቤት የሚወስድ መንገድ ማሠራት ጀምረዋል።

ይህን ስናገር ግን ያለፈውን ዘመን ለማሞካሸት አይደለም። የዋስ ሥርዓት የሚያቅፈውን ያህል ይጨቁናል። ከጋሞ ደጋ መጥተው ሽሮ ሜዳ በሽመና የተሠማሩት ሰዎች ሙያቸውን ለከተማዋ አበርክተዋል፤ በዚያው ሥርዓት ግን በዘመድ ስም የመጡ ሕፃናት ሌሊት ከቀን ጥጥ ሲያዳውሩ ኖረዋል። በልጅነታቸው ከተዳሩበት ትዳር ሸሽተው ወይም ተፋተው የመጡ ሴቶችም አሉ፤ ብዙዎቹን አውቶቡስ ተራ የተቀበላቸው ደላላ ነበር፤ የጠበቃቸውም የቤት ሠራተኝነት ወይም የጠላና የአረቄ ቤት ሥራ ነው። በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም. በተካሄዱት ሦስት ቆጠራዎች ሁሉ በአዲስ አበባ የሴቶች ቁጥር ከወንዶች ይበልጥ ነበር። ሆኖም የመጤ ታሪክ ስንጽፍ የምንጽፈው የነጋዴውን ልጅ ታሪክ ነው። ዋስ የሌለው ገበሬ ዕጣማ ከዚህ የከፋ ነበር፤ በወሎ ረሃብ ጊዜ ወደ አዲስ አበባ የተጓዙት ርሃብተኞች በጸጥታ ኃይል እንዲመለሱ ተደርገዋል።

በ1967 ዓ.ም. ትልቅ ለውጥ መጣ። በዚያ ዓመት ሐምሌ የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ፤ ዝቅተኛ የቤት ኪራይም ተቀነሰ። ቀበሌ ተቋቋመ፤ መታወቂያ ለማውጣት ከቀደመው ቀበሌ መሸኛ ማምጣት ግዴታ ሆነ። «ዋስ አለህ?» የሚለው ጥያቄ «መሸኛ ይዘሃል?» በሚለው ተተካ። ሰውየው የቆመበት ቦታ ላይ ወረቀት ቆመ። በአንጻሩ ኪራዩ ርካሽ የሆነው የቀበሌ ቤት ለብዙ መጤዎች መጠለያ ሆኗል፤ አንዲት ጠባብ ክፍል ቤተሰቡንም ደባሉንም ከገጠር የመጣውን የእኅት ልጅም ታስተናግድ ነበር።

ዩኒቨርሲቲ ለጨረሰው ደግሞ ምደባ ነበረለት። ሥራ ይዞ ወደ ማያውቀው ከተማ መሄድ የተለመደ ነገር የመሰለን በዚያ ዘመን ነው። የዛሬ ወላጆች «መጀመሪያ ሥራው ይገኝ» የሚሉት የዚያ ትውልድ ልጆች ስለሆኑ ይመስለኛል። በረጅሙ ታሪካችን ውስጥ ግን ያ አጭርና ልዩ ዘመን ነበር፤ ከመንግሥት ለውጡ በኋላ ምደባው ቀረ።

የከተማዋ ዕድገት ግን አልቆመም። በ1954 ዓ.ም. ከ440 ሺህ ጥቂት ይበልጥ የነበረው ነዋሪ በ1976 ወደ 1.4 ሚሊዮን፣ በ1987 ወደ 2.1 ሚሊዮን፣ በ1999 ወደ 2.7 ሚሊዮን ደርሷል። የቀበሌ ቤቶች የነበሩባቸው ነባር ሰፈሮች በመልሶ ማልማት ሲፈርሱ ደባል ያስጠጋ የነበረው ክፍልም አብሮ ፈርሷል። የዛሬው ተመራቂ እንግዲህ ጌታ የለውም፣ የሚመድበው የለም፣ የሚያስጠጋውም እየቀነሰ ነው። የሚጠየቀውም «የሥራ ልምድ አለህ?» ተብሎ ነው። ይህን ጥያቄ የሚመልስለት አጎት አይገኝም።

ስለዚህ ለተማሪዎቼ የምሰጠው መልስ እንዲህ ነው። ሥራ ሳይዙ መሄድ አዲስ ነገር አይደለም፤ አያቶቻችን አድርገውታል። ነገር ግን ከመነሣታችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፦ የመጀመሪያዎቹን ወራት የት አድራለሁ? ማን ስለ እኔ ይናገራል? ቢከፋኝ የምመለስበት አለኝ? ሦስቱም መልስ ካላቸው ሂዱ።

ለእኛም፣ ማለትም ለዩኒቨርሲቲውና ለከተማ አስተዳዳሪዎች፣ የሚቀር የቤት ሥራ አለ። ለመቶ ዓመት መጤውን የመቀበል ወጪ የተሸከመው ባንኮኒ ሥር ቦታ የሰጠው ድሃ ዘመድ ነው። ያ ዘመድ ያደረገው ነገር ዝርዝሩ አጭር ነው፤ ማደሪያ፣ ዋስትና፣ መነሻ ገንዘብ። አንድ ተቋም ለሚያስመርቃቸው ልጆች ከእነዚህ አንዱን እንኳ ማድረግ ካልቻለ፣ የልጆቹ ቤተሰቦች ከዘመናት በፊት የቻሉትን አልቻለም ማለት ነው።